«ከነጭ ፓስታና ከወተት ሌላ አይነካም»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ነው። ወንድ ልጄ አራት ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። እስከ ዓመት ከመንፈቁ ያገኘውን ሁሉ ይበላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ እየተወ አሁን የሚበላው ወጥ ያልነካው ነጭ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ብስኩትና ሙዝ ብቻ ነው። ወተት ግን ነፍሱ ነው፤ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ በትልቁ ኩባያ፣ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ተጨምሮበት ይጠጣል። እንጀራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ አትክልትማ አይታሰብም። ማታ ሳህን ይዤ ቤቱን እዞራለሁ፤ ስልክ ከፍቼለት ካርቱን እያየ ሁለት ጉርሻ ካስገባሁለት ተመስገን ነው። አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ «ልጅ ተርቦ አያድርም» ብለው ከእራት በኋላ ወተትና ብስኩት ይሰጡታል። ባለቤቴ ደግሞ «ተዪው፣ ሲርበው ይበላል» ይላል። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ አስመዝኜው ክብደቱ 15 ኪሎ፣ ቁመቱ 101 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጎረቤቴ ከፋርማሲ የሚሸጥ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ አለ ትለኛለች። ልግዛለት? በቅርቡ ደግሞ ለበዓል አጋሮ ዘመድ ጋ እንሄዳለን፤ ሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ ምን ላድርግ?
እናት፣ ከጅማ

መልስ፦ እህታችን፣ ጤና ይስጥልን። ከሚዛኑ እንነሳ፤ ማታ ማታ ሳህን አስይዞ የሚያዞርሽ ፍርሃት ያለው እዚያ ላይ ነውና። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሰንጠረዥ መሠረት በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ አማካዩ 16 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ቁመቱም 104 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የአንቺ ልጅ ከመሃሉ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ጤናማ ከሚባለው ክልል አልወጣም። አንድ ምዝን ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ስለዚህ በየሦስት ወሩ በዚያው ሚዛን አስመዝኚውና ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ጻፊው። መስመሩ እየወጣ ከሆነ ልጁ እያደገ ነው።

«እስከ ዓመት ከመንፈቁ ሁሉን ይበላ ነበር» ያልሽው ነገር ደግሞ የአንቺ ቤት ጉድ አይደለም። ልጅ በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል፤ ሦስት ኪሎ የተወለደው በዓመቱ ዘጠኝ ኪሎ ይጠጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በዓመት የሚጨምረው ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። ዕድገቱ ሲዘገይ ርሃቡም ይቀንሳል፤ እናት ግን የምትለካው ዓምና በበላው ነው። በዚያው ሰሞን ልጁ እግር ያወጣል። እግር ያወጣ ልጅ ያገኘውን ቅጠልና ፍሬ ሁሉ ወደ አፉ ቢከት አደጋ ስለሆነ፣ የማያውቀውን ምግብ መፍራቱ በዚያ ዕድሜ የሚመጣ የተፈጥሮ ጥበቃ ነው ተብሎ ይታሰባል። ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይለቃል። በዘር የሚወረስ ድርሻም አለው። «አንቺ አሞላቀሽው ነው» የሚልሽን በአንዱ ጆሮሽ ሰምተሽ በሌላው አፍስሺው።

አሁን ወደ ወተቱ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ነገር ያለው እሱ ላይ ነው። ትልቁ ኩባያ 300 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። ቤት ያለውን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ለኪው፤ ሃይላንዱ ሁለት ኩባያ ሳይሞላ ካለቀ ኩባያሽ ከ250 በላይ ነው ማለት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ሲሆን 900 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ውሃ ያልገባበት የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ከ60 ካሎሪ በላይ አለው፤ ስለዚህ ወተቱ ብቻ 550 ካሎሪ ገደማ ነው። ስድስቱ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 100 ይጨምራል። የአራት ዓመት ልጅ በቀን የሚያስፈልገው በግምት 1300 ካሎሪ ነው። ልጅሽ ግማሹን ጠጥቶ ጨርሶታል! ዳቦውንና ብስኩቱን ስትደምሪበት፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጉርሻ ይዘሽ የምትቀርቢው ለጠገበ ልጅ ነው። እንቢታው ሁሉ አመል አይደለም፤ ግማሹ ጥጋብ ነው።

ወተት መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ በዚያ ላይ በውስጡ ያለው ካልሲየም ከሌላ ምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ወተት የሚያበዙ ልጆች ወፈር ብለው እየታዩ ደም ማነስ ይይዛቸዋል፤ ደም ማነስ ደግሞ ራሱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ወተት የበዛበትና ቅጠላ ቅጠል የሌለው ሆድ ይደርቃል፤ የደረቀ ሆድ ደግሞ አይርበውም። ሰገራው እንደ በግ በጠጥ እየጠጠረ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ከሆነ፣ እንጀራውን ከማሰብሽ በፊት እሱን ማስተካከል ይኖርብሻል። ዋናው መድኃኒቱም ወተት መቀነስና ውሃ ማብዛት ነው።

ስለዚህ ወተቱ በቀን ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይሁን፣ ማለትም ሁለት የሻይ ብርጭቆ ተኩል ገደማ። በአንድ ቀን አትቁረጪው። መጀመሪያ ትልቁን ኩባያ ከዓይኑ አርቀሽ በትንሽ ብርጭቆ ስጪው። በአራተኛው ቀን የከሰዓቱን ወደ ውሃ ለውጪ። ስኳሩን በየሦስት ቀኑ በግማሽ ማንኪያ ቀንሺ፤ ምላሱ ሳያውቅ በሁለት ሳምንት ይለምዳል። ማታ ከእራት በኋላ የሚሰጠው መጨረሻ የሚቀር ነው፤ የሚከብደውም እሱ ነው። ስኳር ያለበት ወተት ጠጥቶ ጥርሱን ሳይቦርሽ ማደሩ ለብቻው አንድ ጥፋት ነው። የኋላ ጥርሶቹን በስልክ መብራት እይለት። ጥቁር ነጥብ ወይም ቀዳዳ ካለ፣ ሥጋና እንጀራ ትቶ ፓስታ የሚመርጠው ማኘክ እያመመው ሊሆን ይችላል። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ቀጥሎ ሰዓት። ጅማ ውስጥ ቡና የማይፈላበት ቤት የለም፤ የእናንተም ቤት ከሰዓት አሥር ሰዓት ገደማ ረከቦቱ እንደሚዘረጋ እንገምታለን። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል። ልጁ በዚያ መሃል ፈንዲሻ ይዘግናል፣ ዳቦ ይገምጣል፣ ጣፋጭ ሻይ ይጠጣል፣ አንዷ ጎረቤትም ከረሜላ ትሰጠዋለች። ማንም አልቆጠረውም እንጂ እራቱን በልቷል። ቡናውን ማንም አይተውም፣ መተውም የለበትም። የልጁን መክሰስ ግን ወደ ቡናው መጀመሪያ አምጪው፤ በአንድ ትንሽ ሳህን፣ ቁጭ ብሎ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይብላ። ከዚያ እስከ እራት ውሃ ብቻ። ሻዩን ከምግብ አርቂ፣ ሲሆን ሲሆን አስቀሪ፤ ሻይና ቡና ውስጥ ያለው አፍ የሚያኮማትር ነገር (ታኒን) ብረትን ይይዘዋል። በረካውን «ቀጭን ነው» ብሎ ለልጅ ማቅመስም ቢቀር ደስ ይለናል። ጠንካራ ቆሎ፣ ሙሉ ለውዝና ፈንዲሻ በዚህ ዕድሜ ሊያንቅ ይችላል፤ የሚሮጥና የሚስቅ ልጅ እጅ ላይማ ፈጽሞ አይሁን።

ቀሪው ቀን እንዲህ ቢከፈል ጥሩ ነው፦ ቁርስ አንድ ሰዓት፣ መክሰስ አራት ሰዓት (አፀደ ሕፃናት)፣ ምሳ ስድስት ተኩል፣ መክሰስ አሥር፣ እራት ማታ አንድ ሰዓት። በመካከሉ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆዱ ያርፋል። ምግቡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በላላ ፊት ሳህኑ ይነሳል። የአፀደ ሕፃናቱ ምሳ ዕቃ ውስጥ አዲስ ነገር አትክተቺ፣ የሚያውቀውን ስጪው። ልምምዱ ቤት ነው።

አማትሽና ባለቤትሽ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ርሃብ ይረዳል፤ የባለቤትሽ ነገር እዚህ ድረስ ልክ ነው። ግን ልጁ የማያውቀውን ወጥ ብቻ አቅርቦ «ብላ ወይም ተኛ» ማለት ማዕዱን የፍርድ ቤት ችሎት ያደርገዋል፣ አንዳንድ ልጅ ደግሞ እውነትም ሳይበላ ያድራል። አማትሽ ልጅ ተርቦ አይደር ማለታቸውም ልክ ነው፤ ስህተቱ ከእራት በኋላ ሌላ እራት መኖሩ ነው። ልጁ ነገሩን በደንብ አስልቶታል፦ አንድ ሰዓት ላይ እንቢ ካልኩ ሁለት ተኩል ላይ ብስኩት ይመጣል።

ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ ደንብ አለ። በእያንዳንዱ ማዕድ ላይ ልጁ የሚበላው ቢያንስ አንድ ነገር ይኑር፤ ቁራሽ ዳቦ ወይም ትንሽ ፓስታ። ከዚያ ውጪ እናንተ የምትበሉት ይቀርባል። ምን እንደሚቀርብ፣ ስንት ሰዓት፣ የት የሚለውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። የቱን ይበላል፣ ምን ያህል ይበላል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ዳቦውን ብቻ በልቶ ቢነሳም ምንም አትበዪ፤ እስከ ነገ ቁርስ ግን ሌላ ምግብ የለም። ለአማትሽ ይሄን ስትነግሪያቸው «አይስጡት» ብለሽ አትጀምሪ። «እማዬ፣ የአሥር ሰዓቱን መክሰስ እርስዎ ይያዙልኝ፤ ምን እንደሚበላ እርስዎ ይምረጡለት» በያቸው። መስጠቱ ሳይነካ ሰዓቱ ብቻ ይዛወራል። ካልሆነም የሌሊቱን ወተት ወደ እራቱ ማዕድ አምጥተው፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ ከምግቡ ጋር እሳቸው ይስጡት።

ሳህን ይዞ መዞሩን ዛሬ አቁሚ። ስልኩ ግን በአንዴ አይቆምም። ካርቱን እያየ የሚበላ ልጅ አፉ ይከፈታል እንጂ የበላውን አያውቀውም፤ ስለዚህ ሃያ ጊዜ ቢጎርስም ምግቡን አልለመደውም። መጀመሪያ ከምሳ ላይ አንሺው። ሳምንት ጠብቀሽ ከእራት ላይ።

አሁን ወደ አዲስ ምግብ መልመድ። ብዙ እናቶች ሦስት አራት ጊዜ ሞክረው «ካሮት አይወድም» ብለው ይዘጋሉ። አንድ ልጅ አዲስ ጣዕም እስኪቀበል ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ መቅመስ ስንል አንድ ሳህን መብላት አይደለም፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል በቂ ናት። ጠንካራ ፍርሃት ያለው ልጅ ደግሞ ወደ መቅመሱ የሚደርሰው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ምግቡ ማዕዱ ላይ ሲኖር ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል። ከዚያ በሌላ ዕቃ ሆኖ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ከዚያ በጣቱ ይነካል፣ ያሸታል፣ በምላሱ ጫፍ ያየዋል፣ ይነክስና ይተፋል፣ በመጨረሻ ይውጣል። መትፋት ይፈቀድለታል! ሶፍት አጠገቡ አስቀምጪና «ካልጣመህ እዚህ ላይ» በዪው። አማትሽ ሊደነግጡ ይችላሉ፤ ግን መውጫ እንዳለው የሚያውቅ ልጅ ነው አፉን የሚከፍተው።

ለዚህ ሥራ ከቤትሽ ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው የቡና ሲኒ ነው። እናንተ በአንድ ትሪ ስትበሉ ወጡ እንጀራውን ያርሰዋል፣ አንዱ ከሌላው ይነካካል፤ ለሱ ደግሞ የተነካካ ምግብ ሁሉ የተበላሸ ነው። ስለዚህ የሱ ፓስታ በራሱ ሳህን፣ አዲሱ ነገር ደግሞ በሲኒ ለብቻው ይቅረብ። ሲኒ ትንሽ ስለሆነ አያስፈራም፣ የአዋቂ ዕቃ ስለሆነም ያጓጓል።

ፓስታ ስለሚወድ ድልድዩን ከፓስታ ወደ ሽሮ እንሥራ። የተዘጋጀው ሽሮ በርበሬ ስላለበት ነጭ ሽሮ ፈልጊ። አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ቁራጩ በምላስ እስከማይገኝ አድቅቀሽ ክተፊ፤ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ክዳን ገጥመሽ፣ በቀስታ እሳት ሳይጠቁር አብስዪው። ግማሽ ፍሬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሪ። በሌላ ዕቃ አራት የሾርባ ማንኪያ ሽሮ በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ። ድስቱ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ አፍልተሽ ብጥብጡን እያማሰልሽ ጨምሪበትና 20 ደቂቃ በቀስታ ይንተክተክ። ጨው መጨረሻ ላይ፣ በትንሹ። ዱቄቱን በቀጥታ በፈላ ውሃ ላይ ከነሰነስሽው ይጓጉላል፤ አንድ ጓል ምላሱ ላይ ካገኘ የሦስት ሳምንት ልፋት እዚያው ያበቃል። በአሥር ደቂቃ ካወረድሽው ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል። ልጆች ከጣዕሙ በላይ የሚፈሩት አፍ ውስጥ የሚሰማቸውን ነገር ነው፤ ሽሮው እንደ ሐር ልስልስ ይበል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት አንድ የሻይ ማንኪያ ሽሮ በሲኒ አጠገቡ ተቀምጦ ይነሳል፤ ማንም ስለሱ አያወራም። ከዚያ አንቺ ራስሽ አንድ ፓስታ ነክረሽ በልተሽ ታሳዪዋለሽ። ሲነክር፣ አንዷን ፓስታ ብቻ ይንከር፤ ሌላው ነጭ ሆኖ ይቆይ። አንዷ ሁለት፣ ሁለቷ አምስት እያለች ትሄዳለች። ወደ ኋላ የተመለሰ ቀን ካለ ወደ ሲኒው ተመለሺ፣ አትቆጪ። ሽሮው ከተለመደ በኋላ በዚያው መንገድ ምንቸት አልጫ ይመጣል፤ ሥጋው በጣም የተፈጨና ለስላሳ ይሁን። ትኩስ ፓስታ ላይ አንድ የተመታ እንቁላል ጨምሮ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ ማማሰልም ይቻላል፤ አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ መልኩም ከሚያውቀው ፓስታ ብዙ አይርቅም። ቤቱ በሚጾምበት ሰሞን ቢሆን እንኳ ሕፃን አይጾምምና ለሱ እንቁላል መቀቀሉ አይቅር።

እንጀራው የራሱ መንገድ አለው። እንቢ የሚለው አንድም ኮምጣጣነቱን፣ አንድም የረጠበ ስፖንጅ መምሰሉን ነው። ለኮምጣጣነቱ አፍለኛ ጋግሪለት፤ ሊጡ ብዙ ሳይቦካ የተጋገረ ለጣፋጭ የቀረበ ነው። ለርጥበቱ ደግሞ ድርቆሽ ስጪው። አዎ፣ ድርቆሽ! ቋ ቋ የሚል ነገር የሚወድ ልጅ እንደ ብስኩት ይይዘዋል። ከድርቆሽ ወደ ትኩስ እንጀራ ሲሻገር በሁለት ጣት ስፋት ቆርጠሽ፣ ወጥ ሳይነካው፣ ጠቅልለሽ ስጪው። ከዳቦ በኩል የሚመጣው ሌላው ድልድይ ጨጨብሳ ነው፤ በርበሬ ሳይገባበት፣ በትንሽ ለጋ ቅቤና በጅማ ማር። (ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ታናሽ ካለው ተጠንቀቂ።) በመጀመሪያ ቂጣውን በትልቁ ቁረጪ፣ ማሩን ለብቻው በሲኒ አድርጊ። ጨጨብሳ የለመደ ልጅ ገንፎ ለመቅመስ ብዙ አይርቀውም።

ከአትክልት በኩል በጎመን አትጀምሪ። መራራ ነው፤ ልጅ ደግሞ መራራ ከአዋቂ ይልቅ ይሰማዋል። በዱባ፣ በካሮትና በስኳር ድንች ጀምሪ፣ ጣፋጭ ናቸውና። ካሮቱን በቁመቱ እንደ ጣት ሰንጥቀሽ፣ በሹካ ሲወጋ እስኪለሰልስ ቀቅለሽ፣ በትንሽ ዘይት አንዴ አገላብጪው፤ ዘይቱ በውስጡ ያለውን ቫይታሚን ኤ ሰውነት እንዲያገኘው ይረዳል። ጎመኑ በሦስተኛው ወር ይምጣ፤ ጠንካራ ግንዱ ወጥቶ፣ ደቅቆ፣ ተቀቅሎ፣ ከድንች ጋር።

ሂርማታ ገበያ ስትወጪ አብሮሽ ይውጣ። አቮካዶውን ጨብጦ የበሰለውን ካልበሰለው ይለይ፣ ዘይቱን (ጓቫ) ያሽትት። እዚያ ማንም ብላ አይለውም፤ ምግቡን መተዋወቁ ግን ተቆጥሮለታል። አቮካዶ ብዙ ልጆች የሚያቅለሸልሻቸው በመሙለጭለጩ ነው፤ ስለዚህ በማንኪያ አትስጪው፣ ዳቦው ላይ እንደ ወረቀት ስስ አድርገሽ ቀቢለት፣ ጨው ጣል ይደረግበት። ጎደሬ ከሰጠሽው ግን በጣም ይብሰል። ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮ ያሳክካል፤ አንዴ ያሳከከው ልጅ ድንች ራሱ በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል። ከሽሮና ከምስር ጋር ብርቱካን፣ ማንጎ ወይም ዘይቱን ካገኘ በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነቱ በተሻለ ይወስደዋል።

አንዳንድ ሰው ጎመኑን ፈጭተሽ ሽሮው ውስጥ ደብቂው ይልሻል። ቪታሚኑ ይገባል፣ ልጁ ግን ጎመን አልለመደም፤ ደግሞ አንድ ቀን አረንጓዴ ነገር ካገኘበት ሽሮውንም ያጣሽዋል። «ጎመን ከበላህ ቸኮሌት» የሚለውም ጎመን ቅጣት፣ ቸኮሌት ሽልማት መሆኑን ነው የሚያስተምረው። መሸለም ካማረሽ ለመቅመሱ ብቻ፣ ምግብ ባልሆነ ነገር ይሁን፤ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት በቀመሰ ቁጥር አንድ ኮከብ ይሳል። ወረቀቱ አሥራ አምስቱን ቅምሻ ለመቁጠርም ይጠቅምሻል።

ስለ ጉርሻ አንድ ነገር። አፉን ጥርቅም ላደረገ ልጅ የሚገፋ ጉርሻ ፍቅር መሆኑ ይቀራል፤ የተገፋ ምግብ ያቅለሸልሻል፣ ያቅለሸለሸውን ምግብ ደግሞ ሰውነት ዓመት አይረሳም። ግን ጉርሻውን ገልብጪው፤ እሱ ያጉርሳችሁ። ለአያቱ እንጀራ ቆርሶ፣ ሽሮ ነክሮ፣ በገዛ ጣቱ ጠቅልሎ ያጉርሳቸው። እጁ ራሰ፣ ሽታው አፍንጫው ደረሰ፣ ጣቱን ይልስ ይሆናል። አያቱም «እሰይ፣ እጅህ ይባረክ» ይበሉት። ከዚህ ሁሉ ምክር ውስጥ አማትሽ በደስታ የሚቀበሉት ይሄ ነው፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚሠራውም ይሄ ሊሆን ይችላል።

እሱ ባለበት «ይሄ ልጅ እኮ አይበላም» አትበዪ፣ ጎረቤትም አይበል። «ብላ፣ ብላ» በሚለው ፋንታ ስለ ምግቡ አውሪ፦ ይሄ ካሮት ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ትናንት ከገበያ የመረጥከው ነው። እዚያ ላይ ዝም።

ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ክፉ ነው። ወተት ቀንሷል፣ የሌሊት ብስኩት የለም፣ ልጁ ያለቅሳል። ግማሽ ሰዓት አልቅሶ ካገኘ፣ በሚቀጥለው አርባ ደቂቃ ያለቅሳል። ስለዚህ ሦስታችሁ ካልተስማማችሁ አትጀምሩት። ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ከያዘው አቁሚ፣ የሚበላውን ይብላ፣ ሲሻለው ትቀጥያለሽ። አንድ አዲስ ምግብ ከያዝሽ ሌላ አትጨምሪ። የመጀመሪያዋ ምግብ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ትወስዳለች፤ ሁለተኛዋ ብዙ ጊዜ ትፈጥናለች።

ስለ ሽሮፑ፦ አትግዢ። በዚህ ስም ከሚሸጡት ውስጥ የአለርጂ መድኃኒት የሆኑ አሉ፤ ርሃቡ የጎንዮሽ ውጤታቸው ነው፣ እንቅልፍና መፍዘዝም እንዲሁ። የራበው ልጅ ደግሞ ያው የሚያውቀውን ፓስታና ብስኩት ነው የሚጠይቀው፤ ሽሮፑ ሲያልቅ ርሃቡም አብሮ ያልቃል። በዚያ ገንዘብ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንዱ የሄሞግሎቢን ምርመራ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው፣ ብረት የሚሰጠውም ያኔ፣ በባለሙያ ልኬት ነው። ሌላው የሆድ ትላትል መድኃኒት ነው። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በየስድስት ወሩ ይሰጣል፤ ባለፈው ዙር አምልጦት እንደሆነ ካርዱን አሳዪ።

ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ነገሮች አሉ። ክብደቱ ቢቀንስ ወይም ሦስት ወር ሙሉ ባይንቀሳቀስ፣ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ልኬት ከ12 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ፣ ሲበላ ቢያስለው ወይም ቢያንቀው፣ ደጋግሞ ቢያስመልሰው፣ ሰገራው ላይ ደም ቢታይ፣ አፈር ወይም ከሰል ቢበላ፣ የሚበላቸው አራት ነገሮች ወደ ሦስት ቢወርዱ። አነጋገሩ ወይም ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት ከእኩዮቹ ወደኋላ የቀረ መስሎ ከታየሽም አብረሽ ንገሪያቸው። ስትሄጂ የሦስት ቀን የበላውንና የጠጣውን ከነሰዓቱ ጽፈሽ ያዢ፤ ከወረቀቱ ሐኪሙ ብዙ ነገር ያያል።

አጋሮ ላይ ደግሞ ልምምድ አይደረግም። ከመውጣታችሁ በፊት ቤት በደንብ ይብላ፤ ዳቦና ሙዝ በቦርሳሽ ይኑር። እንደደረሳችሁ፣ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት፣ ለቤቱ እመቤት ለብቻቸው «ልጁ አዲስ ቤት አይደፍርም፣ ዳቦ ይዤለታለሁ፣ እባክዎ ማንም እንዳያስጨንቀው» በያቸው። ማዕዱ ሲቀርብ አጠገብሽ ተቀምጦ ዳቦውን ይብላ። አንዱ አጎት ጉርሻ ጠቅልሎ ሲመጣ አንቺ አፍሽን ክፈቺና ተቀበዪለት፤ ልጁን ደግሞ ለአጎቱ መልሶ እንዲያጎርስ ጋብዢው።